መብራት ሲጠፋ የፈጠነው ላፕቶፕ

ሦስት ማታ ሙሉ ከአንድ ቁጥር ጋር ስጣላ ከረምኩ። ቁጥሩ 0.4 ነው።

ያለው ላፕቶፔ ስክሪን ላይ፣ ቀኝ ጥግ፣ ከሰዓቱ ጎን ነው። እዚያ ያስቀመጥኩትም እኔው ነኝ። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት የጫንኩ ሰሞን የፕሮሰሰሩን ፍጥነት በየሁለት ሰከንዱ እያነበበ የሚያሳይ አጭር ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ ባሽ በሚባለው የኮማንድ ቋንቋ ጽፌ ነበር። «ምን ያደርግልሻል?» ብትሉኝ መልስ የለኝም። ጌጁን ካላየ መንዳት የማይሆንለት ሹፌር አለ አይደል? እንደዚያ ነኝ።

ላፕቶፑ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ 5፣ 8250ዩ የሚባለው፣ በ2017 የወጣው። አራት ኮር (ሥራውን የሚሠሩት ክፍሎች)፣ ስምንት ትሬድ (በአንዴ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) አለው። መነሻ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ ሆኖ ሥራ ሲበዛበት በቱርቦ እስከ 3.4 ይወጣል። ሥራ ሲፈታ ደግሞ እስከ 400 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። 400 ሜጋኸርዝ ማለት 0.4 ጊጋኸርዝ ነው።

ሥራ ፈትቶ ቢሆን ደግ ነበር። እኔ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የወር መዝጊያ ፋይል ተሸክሜ ቤት ገብቻለሁ። ሊብሬኦፊስ ፋይሉን እስኪከፍት ሻይ ጥጄ፣ ቀድቼ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስጽፍ ፊደሉ ከጣቴ ኋላ እየተጎተተ ይመጣል። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ፋይሉ ስለከበደ ነው የተንቀራፈፈው ብዬ አለፍኩት። ቁጥሩንስ? የማይንቀሳቀስ ቆጣሪ ያው የተበላሸ ቆጣሪ ነው። ስክሪፕቴ ተበላሽቷል አልኩ።

የመጀመሪያው ማታ በዚህ አለቀ። ስክሪፕቱን ለመጠርጠር ምክንያት ነበረኝ፤ ድሮም አንዴ አሳፍሮኛል። ሊኑክስ የእያንዳንዱን ኮር ፍጥነት ሲስ በሚባለው ፎልደር ሥር በአንዲት ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፣ በኪሎኸርዝ። 2.4 ጊጋኸርዝ 2400000 ተብሎ ይጻፋል። ይህን ለሚሊዮን ማካፈል ነው እንግዲህ። ባሽ ግን ነጥብ ያለው ቁጥር አያውቅም፤ 2400000ን ለሚሊዮን አካፍል ብትሉት 2 ብሎ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ የጻፍኩት እንደዚያ ስለነበር ለሳምንት 0፣ 1፣ 2 ብቻ ሲያሳየኝ ከርሟል። በኋላ ማካፈሉን ኦክ ለሚባል ሌላ ፕሮግራም ሰጥቼ አስተካክዬዋለሁ። አሁንም የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ ብዬ መስመር በመስመር አየሁት። ምንም የለም። ፋይሉን ራሱን ካት በሚባል ኮማንድ ከፈትኩት፣ 400021 ይላል። ደግሜ ከፈትኩት፣ 399987።

(በነገራችን ላይ ይህን ስክሪፕት ወስዶ ቢሮ ሰርቨር ላይ የሞከረ ባልደረባዬ «ፋይሉ የለም ይለኛል» ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ሰርቨሩ ቨርቹዋል ማሽን ነው። እዚያ ውስጥ ፎልደሩ ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ከሥር ያለው እውነተኛው ማሽን ነው። ስክሪፕቱ ላይ አትፍረዱ።)

ሁለተኛው ማታ ሌላ ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ሥር ያለውን የሲፒዩ (የፕሮሰሰር) መረጃ ስከፍት 1.60 ጊጋኸርዝ የሚል አየሁ። ይኸው! ስክሪፕቴ ይዋሻል ማለት ነው! ግማሽ ሰዓት በዚህ ደስታ ኖርኩ። ከዚያ ሳስተውለው ቁጥሩ የተጻፈው የፕሮሰሰሩ ስም ላይ ነው። ስም ነው እንጂ ልኬት አይደለም። ማሽኑ ቢሮጥም ቢተኛም 1.60 ነው የሚለው። ትክክለኛው መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ አለ፣ እሱም 400 ገደማ ይላል።

ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ትክክለኛ ፍጥነት የሚለካ ቱርቦስታት የሚባል መሣሪያ ለመጫን ተነሳሁ። ኡቡንቱ ላይ ይህ መሣሪያ ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት፣ ስሪት ጋር የተጣበቀ ነው። ከርነሉ ታድሶ የራሱን የመሣሪያ ጥቅል ካላወረዳችሁለት «ለዚህ ከርነል ቱርቦስታት የለም» ይላል። የእኔም እንደዚያው አለ። በሞባይል ዳታ አወረድኩ። ከዚያ ያለ ሱዶ፣ ማለትም ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ፣ አልሠራም አለ። በሱዶ ሳስነሳው ደግሞ የፕሮሰሰሩን የውስጥ መዝገቦች የሚያስነብበውን ኤምኤስአር የሚባል ሞጁል ጫኚ አለኝ። ጫንኩ።

ቱርቦስታትን የምወደው የሚያምር ነገር ስላለው ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሁለት ቆጣሪዎች አሉ፤ አንደኛው ኤምፐርፍ፣ ሁለተኛው ኤፐርፍ ይባላሉ። ሁለቱም የሚቆጥሩት ኮሩ ነቅቶ ሳለ ብቻ ነው። ኤምፐርፍ በማይለወጥ ፍጥነት ይቆጥራል፣ ኤፐርፍ ኮሩ በትክክል በሚሮጥበት ፍጥነት። ኤፐርፍን ለኤምፐርፍ አካፍሎ በማይለወጠው ፍጥነት ማባዛት ነው፤ እውነተኛው ፍጥነት ይወጣል። ኮሩ ከጊዜው ስንት በመቶውን ሥራ ላይ እንደነበረም ለብቻው ይነግራችኋል። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይህ ነበር፤ 0.4 የሆነው ስለተኛ ነው ወይስ እየሠራ?

ለማወቅ ማሽኑን ማስጨነቅ ያስፈልጋል። «የስ» የሚባል ኮማንድ አለ፤ ሥራው «ዋይ» የምትለዋን ፊደል ያለማቋረጥ መጻፍ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ትሬድ አንድ፣ ስምንት «የስ» በአንዴ ወደ ዴቭ ነል፣ የተጻፈበት ሁሉ ወደሚጠፋበት ቦታ፣ ለቀቅኩ። ቱርቦስታት መለሰ፦ ሥራ ላይ 99 ከመቶ፣ ፍጥነት 400።

ስክሪፕቴ አልዋሸም። ማሽኑ በእውነት እየዳኸ ነው።

ሦስተኛው ማታ ገቨርነሩን፣ ፍጥነቱ መቼ ከፍ መቼ ዝቅ እንደሚል የሚወስነውን ቅንብር፣ ከሰስኩ። «ፓወርሴቭ» ይላል። ስሙን የሰማ ሁሉ ጥፋቱን ለእሱ ይሰጣል፤ ነገር ግን የእኔን ፕሮሰሰር ፍጥነት በሚያስተዳድረው በኢንቴል ፒስቴት ድራይቨር ላይ ይህ ስም ያሳስታል። በድሮው ድራይቨር ፓወርሴቭ ማለት ከታችኛው ፍጥነት አትውጣ ማለት ነው። በዚህኛው ግን ሥራ ሲመጣ ይወጣል። ለማንኛውም ወደ «ፐርፎርማንስ» ቀየርኩት። 0.4። ሙቀቱን አየሁ፣ 46 ዲግሪ። በሙቀት ምክንያት ስንት ጊዜ እንደቀነሰ የሚቆጥረውን ፋይል ከፈትኩ፣ ዜሮ።

ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ።

ሰፈሩ ጨለመ። ስምንቱ «የስ» አሁንም እየሮጡ ነው። ሻማ ፍለጋ ልነሳ ስል የላፕቶፑ ፋን እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። ወደ ጥጉ ዞር አልኩ፣ 2.7። ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ 2.3 ላይ ረጋ። ሻማውን ረሳሁት። በዚያ ጨለማ የወር መዝጊያዬን ፋይል ከፈትኩት፣ ወዲያው ተከፈተ። ሒሳቤን በባትሪ ጨረስኩ።

መብራት ሲመጣ ጎረቤት እልል አለ። ላፕቶፔ 0.4 ገባ።

ቻርጀሩን ነቀልኩት፣ 2.6። ሰካሁት፣ 0.4። ይህን ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አልነግራችሁም።

የድሮው ቻርጀር ገመዱ ተበጥሶ ይህኛውን ከገዛሁት ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ጫፉ ልክ ይገባል፣ መብራቱ ይበራል፣ ባትሪውም ይሞላል። ግን አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ በመሰኪያው መሐል ያለችው ቀጭን ፒን ኤሌክትሪክ ሳይሆን መረጃ ነው የምታመላልሰው። ቻርጀሩ «እኔ ይህን ያህል ዋት ነኝ» የሚለው በእሷ ነው። መልስ ከሌለ ማሽኑ ደካማ ቻርጀር ነው ብሎ ይጠረጥርና ፕሮሰሰሩን ዝቅ ያደርገዋል። የሚያዝዘውም «ፕሮክሆት» በሚባል መስመር ነው፤ ፕሮሰሰሩ ጋለ ሲባል የሚሳበው መስመር። በ46 ዲግሪ «ጋልኩ» ብሎ የሚጮህ ማሽን ነበር የያዝኩት።

ይህን ትእዛዝ የሚያጠፋ ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መዝገብ) አለ፣ 1ኤፍሲ፣ የመጀመሪያው ቢት። ሞከርኩ። ሴኪዩር ቡት የሚባለውን የደህንነት ጥበቃ ስላልዘጋሁ ከርነሉ አልጽፍም አለኝ። ልዝጋው ብዬ አሰብኩና ተውኩት። የማላውቀውን ቻርጀር እስኪቃጠል ከማስጨነቅ ማሽኑ ቢድህ ይሻላል።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልጨምር። ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር «የቻርጀሩን ዓይነት መለየት አልቻልኩም፣ ለመቀጠል ቁልፍ ተጫን» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ያወጣ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሳላነብ ስጫን ነበር።

ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ ሰካው። «እህቴ፣ ይኸው በርቷል፣ ቻርጅም ያደርጋል። ምን ጎደለው?» ጥጉ ላይ ያለውን 0.4 አሳየሁት። አጎንብሶ ትንሽ አየና «ይሄማ ቻርጀሩ ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው የተበላሸው» አለኝ።

መጀመሪያ እኔም ያልኩት ይህንኑ ስለሆነ ልቆጣው አልቻልኩም። ነቅዬ አሳየሁት። ሰክቼ አሳየሁት። ዝም አለ። ከመደርደሪያው ሌላ አወረደ፣ 0.4። ሌላ፣ 2.8። ያንን፣ የዋጋውን ልዩነት ጨምሬ፣ ወሰድኩ።

ልወጣ ስል «አንዴ ቆይ እህቴ» አለና የቀሩትንም አወረዳቸው። ከሰባቱ አራቱ 0.4 አሉ። አራቱን በላስቲክ አስሮ ከጠረጴዛው ሥር አስገባቸው። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቅኩትም።