59 ጠርሙስ

ባለፈው ሳምንት የቢሮውን ግድግዳ ባላይ ኖሮ ይህን ነገር አልጽፈውም ነበር። አሮጌ የእንጨት የቢራ ሳጥን ተሰቅሏል። ጎኑ ላይ «አደልስሆፈን» ይላል፤ ቀለሙ ደብዝዟል። ከላዩ ትንሽ መብራት ተገጥሞለታል። አለቃችን ደንበኛ ሲመጣ እየወሰደ ያሳያል፤ «የአካባቢያችን ቅርስ ነው» ይላል። ያን ሳጥን አውቀዋለሁ። ከምድር ቤት ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

የምሠራው አልዛስ ውስጥ ነው፤ ከስትራስቡርግ ተነስተን ለመንደሮቹ ካፌና ምግብ ቤት መጠጥ እናከፋፍላለን። ሙሉ እናወርዳለን፣ ባዶ እንጭናለን። በሌላው የፈረንሳይ ክፍል የቢራ ጠርሙስ አንዴ ተጠጥቶ መጣል ከተለመደ ቆይቷል። አልዛስ ላይ ግን የጠርሙስ ማስያዣ ጨርሶ አልጠፋም። ሆክፌልደን የሚባል ከተማ ያለው የሜቴዎር ቢራ ፋብሪካ እስከ ዛሬ ጠርሙሱን እየሰበሰበ፣ እያጠበ መልሶ ይሞላል። ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። እኛስ ብንሆን በልጅነታችን ባዶ ጠርሙስ ይዘን አይደል ሱቅ የምንላከው? ባዶ ካልያዝክ ወይ ማስያዣ ትከፍላለህ፣ ወይ ትመለሳለህ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 መከር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ቀን ነው። ረዳት ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሾፌሩ ጡረታው የደረሰ የአካባቢው ሰው ነው። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። አገሩንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

በሺልቲግሃይም በኩል ባለፍን ቁጥር ፍጥነቱን ይቀንስና በጣቱ ያሳየኛል። ሰዉ ከተማዋን ሲያቆላምጥ «ሺሊክ» ይላታል። «እዚህ ፊሸር ነበር። እዚያ አደልስሆፈን። ያ ደግሞ ሹትዘንበርገር።» ሁሉም የቢራ ፋብሪካ ነበሩ። አደልስሆፈን በ2000 ተዘጋ። ከ1740 ጀምሮ የቆየው ሹትዘንበርገር በ2006፣ ፊሸር ደግሞ በ2009። አንድ መንገድ ላይ ይህን ሁሉ ስም ሲጠራ የሟች ዘመዶቹን የሚቆጥር ይመስለኝ ነበር።

ለምን እዚህ እንደተሰበሰቡም የነገረኝ እሱ ነው። ድሮ ጠማቂዎቹ ስትራስቡርግ መሃል፣ ኢል ወንዝ ዳር ነበሩ። ጄሮም ሃት በ1664 የጀመረውና ኋላ ክሮነንቡርግ የሆነው ፋብሪካ ሳይቀር ከዚያ ነው የተነሳው። ወንዙ በሞላ ቁጥር ምድር ቤታቸው ውሃ ይገባል። የእነሱ ቢራ ደግሞ ብርድ ላይ ለሳምንታት ተኝቶ መክረም አለበት። ማቀዝቀዣ ማሽን ባልነበረበት ዘመን ክረምት ላይ ከኩሬ በረዶ እየቆረጡ ጥልቅ ምድር ቤት ውስጥ ያከማቹ ነበር። ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ፈለጉ። ሃቶች በ1850 ክሮነንቡርግ ወደሚባለው ሰፈር ወጡ፣ ፊሸር በ1854 ሺልቲግሃይም። በ1852 የፓሪስ ባቡር ሲገባ ቢራው ገበያ አገኘ። ከዚያ ጦርነት መጣና በ1871 አልዛስ ወደ ጀርመን ተጠቃለለ፤ ፓሪስ ለጠማቂዎቹ የውጭ አገር ሆነች። ፓሪስ የቀሩት የአልዛስ ሰዎች ግን የራሳቸውን የቢራና የምግብ ቤት ከፍተው ነበር። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ትልቅ ምግብ ቤት «ብራስሪ» ሲሉ ቃሉ የቢራ መጥመቂያ ማለት ነው።

ወደ ሐሙሱ ልመለስ።

ከስትራስቡርግ በስተ ሰሜን ምዕራብ ኮኸርስበርግ የሚባል ገጠር አለ። እርሻው መሃል ሆፕስ የሚሰቀልባቸው ረጃጅም ምሰሶዎች ቆመው ታያለህ። ሆፕስ ማለት ለቢራ ልክ ጌሾ ለጠላ እንደሚሆነው ነው። እዚያ አንድ መንደር ለምግብ ቤት አራግፈን ስንጨርስ፣ ከመንገዱ ማዶ አንዲት አሮጊት በእጃቸው ጠሩኝ። ቤታቸው ድሮ ካፌ ነበር። በሩ ላይ የአደልስሆፈን ታፔላ አሁንም ተሰቅሏል። እንዲህ ዓይነት ታፔላ በየመንደሩ ሞልቷል። ፋብሪካው ለካፌው ወንበርና የድራፍት ማሽን ያቀርባል፣ አንዳንዴም ያበድራል፤ ካፌው በምላሹ ለዓመታት የእሱን ቢራ ብቻ ይሸጣል። ፋብሪካው ሲሞት ታፔላው ይቀራል።

ምድር ቤት ይዘውኝ ወረዱ። ሦስት የእንጨት ሳጥን ግድግዳ ሥር ተደርድሯል። ጠርሙሶቹ ታጥበዋል። አቧራ እንኳ የለባቸውም።

«ውሰድልኝ» አሉኝ።

«ማዳም፣ ይህን መውሰድ አልችልም። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል።»

«መዘጋቱን አውቃለሁ። ጠርሙሱ ግን የእኔ አይደለም።»

«አሁን ማስያዣውን የሚመልስልዎት የለም።»

«ገንዘብ መቼ ጠየቅኩህ? የተዋስነው ነው። ባሌ ሳይመልሰው ሞተ። እኔም ሳልመልሰው መሞት አልፈልግም።»

የተናገሩት በፈረንሳይኛ ነው። እኔ ጆሮ የገባው ግን «አደራ» ሆኖ ነው። እናቴ የጎረቤት ሰፌድ ቤታችን ካደረ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ምን ብዬ እምቢ ልበል?

አብረን ቆጠርን። እያንዳንዱ ሳጥን 20 ይይዛል። ሦስተኛው ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው፤ ጠርሙስ በሚቀመጥበት ጎጆ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታሁት። የአንድ ፍራንክ ሳንቲም ነው። ፍራንክ በ2002 ከገበያ ወጥቷል። «አንዷ እጄ ላይ ተሰብራለች» አሉ። «ማስያዣዋ ነው። ለእነሱ ስጥ።»

ከዚያ ደረሰኝ ጠየቁኝ። መኪና ውስጥ ባዶ የምንመዘግብበት ጥራዝ አለ። ገልጬ «3 ሳጥን፣ 59 ጠርሙስ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበቡት። አጥፈው ሽርጣቸው ኪስ ከተቱት። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። መዳፋቸው ሻካራና ሞቃት ነበር። «አሁን ቀለለኝ» አሉ። «ለባለቤቱ ይደርሳል አይደል?»

«ይደርሳል» አልኩ።

ሾፌሩ ሳጥኑን ሲያይ ምንም አልተናገረም። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ብቻ፣ «ስማኝ ልጄ፣ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ጠርሙስ አታንሳ። መጋዘን ውስጥ ቦታ የለውም» አለ። በሥራው በኩል ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ለመጡ አዲስ ረዳቶች እኔም ይህንኑ ነው የምነግራቸው። ዛሬ ያቺ ሴት ቢጠሩኝ ግን መልሼ አነሳዋለሁ።

መጋዘን ስንደርስ አለቃው ወጥቶ አየ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ይህ ቆሻሻ ነው፤ ጠርሙሱን ከመስታወቱ ጋር ድፋው» ብሎ ወደ ትልቁ የብረት ገንዳ አመለከተኝ። ስለ ሴትዮዋ ልነግረው ጀመርኩ። ስለ ደረሰኙም። «ማነው ደረሰኝ ጻፍ ያለህ?» አለና ስልኩን አንስቶ ሄደ።

አንድ በአንድ ጣልኳቸው። ሳጥኑን ገልብጬ በአንድ ጊዜ መድፋት እችል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። የታጠበ ጠርሙስ ገንዳ ውስጥ ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ ከቆሸሸው ይለያል፤ ጥርት ያለ ነው። ሃምሳ ዘጠኝ ጊዜ ሰማሁት። ሳጥኖቹን አለቃው «ተዋቸው» አለ። ሊያቃጥላቸው መስሎኝ ነበር።

በ2022 ሄይነከን ኤስፔራንስን እንደሚዘጋ አሳወቀ። የእኛን በደሌና ሐረር በ2011 የገዛው ያው ሄይነከን ነው። ኤስፔራንስ ተስፋ ማለት ነው፤ የሺልቲግሃይም የመጨረሻው ትልቅ የቢራ ፋብሪካ ነበር። ሾፌሩ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቷል፤ ደውሎልኝ ብዙም ሳይናገር ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ አሮጌ የቢራ ዕቃ መፈለግ ጀመረ፤ ታፔላው፣ ብርጭቆው፣ ሳጥኑ ሁሉ ዋጋ አወጣ። አለቃችንም ሳጥኑ ትዝ አለው። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ከየት እንዳገኘው ሲጠይቀው «እኛ ታሪካችንን አንጥልም» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ጋሪ እየገፋሁ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «ጠርሙሱስ?» አልኩት። ደንበኛው ዞሮ አየኝ። አለቃው መብራቱን አስተካከለ።

የሚቆጨኝ ግን እሱ አይደለም። የሚቆጨኝ ከዚያ ሐሙስ ሁለት ሳምንት በኋላ የሆነው ነው። ያው መንደር ስንደርስ ሴትዮዋ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። መኪናው ሳይቆም እጃቸውን አነሱ። መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። እውነቱን ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ መንገድ ላይ ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

«ደረሰ?» አሉኝ።

«ደርሷል፣ ማዳም።»

«ሃምሳ ዘጠኙም?»

«ሃምሳ ዘጠኙም።»

«ፍራንኩስ?»

«እሱንም ሰጥቻለሁ» አልኳቸው። ፍራንኩ ያን ጊዜ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ፣ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ነበር።