«ማን ነካው?»

ሰሞኑን ቢሮ ውስጥ ስሜ ተቀይሯል። ኮሪደር ላይ ያየኝ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ኔትወርክስ?» ይለኛል። ቡና ልጠጣ ስወጣ የካፌዋ ልጅ ሳትቀር «ዛሬስ አለ?» ብላኛለች።

ከሰኞ ጀምሮ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጭራሹን ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር። የጠፋ ነገር ቀላል ነው። መብራት ሄዶ እንደሆነ ይታያል፣ መስመሩ ተቆርጦ እንደሆነ ይደወላል። መለስ ቀለስ የሚል ነገር ግን ያሰቃያል። ሂሳብ ክፍል ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዷ ኢሜይሏን እያነበበች ሌላዋ ፕሪንተሩ እንኳን አይታያትም። ያልሠራላት ማሽኗን አጥፍታ ስታበራ ይስተካከልላታል። ይህን ያየች ጎረቤቷ ምንም ሳትሆን «የኔንም ላድሰው» ብላ ታጠፋና ታበራለች። ያን ጊዜ ደግሞ የእሷ ይጠፋል።

በሁለተኛው ቀን አለቃችን ትዕግሥታቸው አለቀ። ከፎቅ ፎቅ እየወጡ «ማን ነው የነካው?» ማለት ጀመሩ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ በሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በሕይወቱ ምንም ነገር ነክቶ የማያውቅ ሆነ። ገመድ ያየም የለም። ጽዳቶቹ «እኛ በዚያ በኩል አናልፍም» አሉ። በዚያ በኩል ካላለፉ ማን ነው የሚያጸዳው ብዬ አልጠየቅኩም።

አንዱን ያልሠራ ማሽን ያዝኩና ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። አይፒኮንፊግ ብዬ ጻፍኩ፤ ማሽኑ በኔትወርኩ ላይ የያዘውን አድራሻ፣ ማለትም መለያ ቁጥሩን፣ የሚያሳይ ትዕዛዝ ነው። የእኛ ቢሮ አድራሻ በ192.168.10 ይጀምራል። ይሄኛው ማሽን የያዘው ግን 192.168.0.104 ነው፤ መውጫ በሩን ደግሞ 192.168.0.1 ይለዋል። እንዲህ የሚባል በር እኛ ዘንድ የለም። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ቢይዝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ያ ማለት ማሽኑ አድራሻ ስጡኝ ብሎ ጮኾ የሚመልስለት አጥቷል ማለት ነው፤ ለራሱ አንድ ቁጥር ይሰጥና ይቀመጣል። ይሄ ግን መልስ አግኝቷል። የመለሰለት ግን የእኛ ሰርቨር አይደለም።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ማንኛውም ማሽን ሲነሳ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ በመስመሩ ላይ ላሉት ሁሉ ይጣራል። ዲኤችሲፒ የሚባለው አገልግሎት ይሰማና «አንተ ይህን ቁጥር ያዝ፣ መውጫህ በዚህ ነው» ይለዋል። ማሽኑ የሰጪውን ማንነት አይመረምርም፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል። እንግዲህ አንድ የታክሲ መያዣ ላይ ሁለት ተራ አስከባሪ ቢቆም አስቡት። አንደኛው ትክክለኛው ነው። ሁለተኛው ሰውን እየጠራ ሹፌር የሌለው ሚኒባስ ውስጥ ያስገባል። ማሽኑን አጥፍቶ ያበራ ሰው ለየትኛው እንደሚደርስ ዕጣው ነው። ትናንት ትክክለኛውን አድራሻ ይዞ ማሽኑን ያላጠፋው ደግሞ ምንም አይነካውም። የሂሳብ ክፍሎቹ ነገር በዚህ ተፈታ።

ስለዚህ ሕንፃው ውስጥ የሆነ ቦታ አንድ የማናውቀው ሳጥን አለ። በብሮውዘር 192.168.0.1 ብዬ ብገባ የራውተር መግቢያ ገጽ መጣ። ሰው ቤት የሚገዛው ዓይነት፣ ሁለት አንቴና ያለው ትንሽዬ ራውተር ነው። አድሚን፣ አድሚን ብዬ ሞከርኩ። አልገባም። ባለቤቱ ፓስወርዱን ቀይሮታል! ስንት ዓመት ሙሉ ፓስወርዳችሁን ቀይሩ እያልኩ ስማጸን፣ የሰማኝ ብቸኛ ሰው ይሄ መሆኑ አሳቀኝ።

ገመዶቹን ሁሉ የሚያገናኝ ደህና ስዊች ቢኖረን የሳጥኑን ማክ አድራሻ፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን መለያ ቁጥር፣ ይዤ በየትኛው ቀዳዳ በኩል እንደሚመጣ ተቀምጬ አይ ነበር። የእኛዎቹ ግን ተራ ስዊቾች ናቸው። መብራታቸው ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ምንም አይነግሩህም። ገመዶቹም ምልክት የላቸውም። አንድ ሰሞን በወረቀት ተለጥፎባቸው ነበር፤ ማጣበቂያው በሙቀት ለቆ ወረቀቶቹ ከመደርደሪያው ሥር ረግፈው ተገኙ። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ገመድ በገመድ መንቀል።

ሰው ለምሳ እስኪወጣ ጠበቅን። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ተቀመጠ፤ ያንን ባዕድ አድራሻ ያለማቋረጥ ፒንግ ያደርጋል፤ ማለትም «አለህ?» እያለ ይልክና መልስ ይጠብቃል። እኔ ሰርቨር ክፍል ገብቼ ስልኬን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዣለሁ። አንድ ገመድ እነቅላለሁ።

«አለ?»

«አለ።»

እመልሰዋለሁ። ቀጣዩን እነቅላለሁ።

«አሁንስ?»

«አለ... አለ... አለ...»

ከምሳ የቀሩ አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙን ቆዩና «ምኑ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ። ማስረዳት አቃተኝ።

ፒንግ የሚባለውን ፕሮግራም የጻፈው ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 በአሜሪካ ጦር የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ሲሠራ፣ አልገባው ያለ የኔትወርክ ችግር ገጥሞት ነው የጻፈው። ስሙን የወሰደው ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ልኮ አስተጋብቶ እስኪመለስለት ከሚጠብቅበት ዘዴ ነው። ሰውዬው የሚወደው አንድ ታሪክ ነበረው። የሆነ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ሠራተኛ የእኔው ዓይነት መለስ ቀለስ የሚል ችግር ይገጥመዋል። ፒንግን ድምፅ ከሚያወጣ ፕሮግራም ጋር ያገናኘውና ቴፑን እስከ ጥግ ይከፍተዋል። ኮምፒውተሩ «ፒንግ፣ ፒንግ፣ ፒንግ» እያለ ሲጮህ እሱ በየክፍሉ እየዞረ የገመዱን መጋጠሚያ ይነቀንቃል። ድምፁ ቆመ፤ ችግሩም ተገኘ። የእኛው «አለ... አለ...» ከዚህ አይለይም። ልዩነቱ የእኛ ድምፅ ምሳ ያልበላ መሆኑ ነው።

«ቆመ!» አለ ልጁ።

የነቀልኩት ገመድ ወደ ሁለተኛ ፎቅ የሚሄደው ነበር። እዚያ ወጥተን ጠረጴዛ ሥር ባለችው ትንሿ ስዊች ላይ ይህንኑ ደገምን። የመጨረሻው ገመድ ግድግዳውን ይዞ ወደ ንብረት ክፍል ገባ። ሳጥኑ ከፋይል ቁምሳጥን ላይ፣ ከድሮ ካላንደር ጀርባ ተቀምጧል። ከግድግዳው የመጣው ገመድ ቢጫዎቹ ቀዳዳዎች አንዱ ውስጥ ተሰክቷል። ሰማያዊው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ሰማያዊው ከውጭ ለሚመጣው መስመር ነው፤ እዚያ ሲሰካ ራውተሩ አድራሻ የሚያድለው ከራሱ ጋር ለተገናኙት ብቻ ነው። ቢጫው ላይ ሲሰካ ግን ለመላው ሕንፃ ማደል ይጀምራል።

የንብረት ክፍሉ ጋሼ ከምሳ ሲመለሱ አገኙን። ገመዱንም እኛንም አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ትናንት አለቃችን ሲዞሩ እሳቸውም «አላየሁም» ካሉት አንዱ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ይቺ ዋይፋይ እዚህ ጥግ አትደርስም አይደል?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አትደርስም እንጂ ልጄ! ስንት ጊዜ ተናገርኩ። ሞዴል ለማስሞላት ስልኬን ይዤ መስኮት ላይ ነው የምንጠላጠለው። ልጄ ቤት አዲስ ስታስገባ የድሮዋ ተረፈች። ለናንተም ሥራ ላቃልል ብዬ እኮ ነው።» መቼ እንደሰኩት ጠየቅኳቸው። እሑድ ዕቃ ሊረከቡ ገብተው ነው የሰኩት። «እንደዚህ ያደርጋል ብዬ በምን ልወቅ? ለኔ እኮ ሠርቷል!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዋይፋዩ ሙሉ መስመር ያሳያል፤ ኢንተርኔት ባይኖረውም። ስልካቸው በዳታ ሲያወጣ እሳቸው ራውተሩ እያወጣ መስሏቸዋል።

እኔ በዚህ ሥራ ስቆይ የገባኝ ነገር ይሄ ነው። ከሚበላሸው ነገር ብዙውን የሚያበላሸው ደግ ሰው ነው። ሥራ ሊያቃልል፣ ጓደኛውን ሊረዳ፣ ጊዜ ሊቆጥብ ብሎ ይነካካል። ምክንያቱን ያለ ብዙ ልፋት የሚያውቀውም ያው ሰው ነው። ግን «ማን ነካው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው የሚሰማው «ማን ይቀጣ?» የሚለው ነው። ማን አለሁ ይላል? ቅዳሜና እሑድ ምን አዲስ ነገር እንደመጣ በሰላም ቢጠየቁ፣ ጋሼ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ይነግሩን ነበር። ምሳዬንም እበላ ነበር።

እርግጥ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ባለፈው ወር አንዱ ወጣት ሠራተኛ ሲስተሙ ኮዱን አልቀበል ይለኛል ብሎ መጣ። ከፓስወርዱ ቀጥሎ ስልኩ ላይ ያለው አፕ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያይራትን ስድስት አኃዝ ያስገባል፤ ሁሌ ስህተት ይለዋል። ያ አፕ ኮዱን የሚያወጣው ከሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 መባቻ ጀምሮ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ይቆጥራል። ስለዚህ ሰዓቱ ከተዛባ ኮዱም ይዛባል። ይህን ስለማውቅ ወዲያው ጠየቅኩት።

«ስልክህ ላይ ሰዓት ስንት ይላል?»

«አራት ሰዓት።»

ግድግዳውን ባይ አራት ሰዓት ነው። ተውኩት፣ ሌላ ሌላ ነገር ፈተሽኩ። አፑን አጥፍተን እንደ አዲስ ጫንን። አሁንም እምቢ። በመጨረሻ ስልኩን ተቀብዬ ሳየው እውነትም 4:00 ይላል። በስልክ አቆጣጠር ግን ጠዋት አራት ሰዓት ማለት 10:00 ነው። ልጁ በአበሻ ሰዓት ማንበብ ስለሚቀለው ስልኩን በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል። ድረ ገጹ ሁሉ ይከፈትለታል፣ ጥሪው ይሠራል፤ ኮዷ ብቻ ናት የማትሠራው። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መለስኩለትና የአበሻ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጎን ለጎን ጫንኩለት። ደስ አለው። እስከ ዛሬ ያልነገረኝ ከኮዱ ጋር ይገናኛል ብሎ ስላላሰበ ነው። እንዴትስ ያስባል?

የሰዓት ነገር ከተነሳ፣ መዝገብ ቤት ያሉት እትዬም አሉ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር «ኢንተርኔቱ አደጋ አለው ይለኛል» ብለው ይደውላሉ። ኮምፒውተራቸው አሮጌ ነው፤ ውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ከብዙ ዓመት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳል። ብሮውዘሩ የድረ ገጹን ሰርተፍኬት፣ የማንነት ማረጋገጫውን፣ ሲያይ፣ በእሱ ቀን አቆጣጠር ገና ያልተሰጠ ሰርተፍኬት ነውና አላምንም ይላል። ሲአር 2032 ትባላለች ባትሪዋ፤ 3 ቮልት። የመኪና ሪሞት ውስጥም ትገኛለች፤ ሰዓት ሠሪዎቹም ጋ አይጠፋም። ለማስገባት የፈጀብኝ ጊዜ እትዬ ቡና እስኪያቀርቡ ድረስ ነው። ቡናው ግን ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልተለቀቅኩም።

የጋሼን ራውተር አልነጠቅኩም። ፓስወርዱን ራሳቸው አስገቡልኝ። አድራሻ የማደሉን ሥራ አጠፋሁት፣ የራሱንም አድራሻ ከእኛ ጋር እንዲስማማ ቀየርኩና ያው ቢጫው ቀዳዳ ላይ መልሼ ሰካሁት። እንዲህ ሲሆን ዋይፋይ ብቻ ያሰራጫል፣ ሌላ ነገር ውስጥ አይገባም። አሁን ንብረት ክፍል ከሁሉም ፎቅ የተሻለ መስመር አለው። ፕሪንተር ሊጠቀም ነው በሚል ሰበብ እዚያ የሚቀመጥ ሰው በዝቷል።

ዛሬ ከሰዓት አለቃችን ጠሩኝ። «ተገኘ አሉ። ማን ነው?» አሉኝ።

«ችግሩ ተፈቷል» አልኳቸው።

«እሱን አልጠየቅኩህም። ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት።»

«እርስዎ ካሉ ይጻፋል። ግን ከዚያ በኋላ የሚነግረን ሰው አናገኝም። በሚቀጥለው ጊዜም ሕንፃውን ሙሉ ገመድ ስነቅል ልውል ነው።» ከዚያ የስዊቹን ነገር አነሳሁ። ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባል ነገር ያለው ስዊች ቢኖረን፣ ሰው የፈለገውን ሳጥን ቢሰካ አድራሻ ማደል የሚፈቀደው ለእኛ ሰርቨር ብቻ ይሆናል። ማንም ማንንም መጠርጠር አያስፈልገውም።

ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ አንኳኩ። «ስንት ነው?»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ያዙ። የዘንድሮው በጀት አልቋል፣ ከሐምሌ በኋላ ይታያል አሉ። ስለ ማስጠንቀቂያው ግን መልሰው አላነሱም። ስወጣ ከኋላዬ ጠሩኝና «ለማንኛውም ጥያቄውን በጽሑፍ አምጣው፣ ፕሮፎርማም ከሦስት ቦታ ሰብስብ» አሉኝ። ነገ ጠዋት መርካቶ እወርዳለሁ።