ይሉኝታ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች

«እትዬ፣ አዲስ የእንጀራ ምድጃ ብናመጣልዎት ይጠቀሙበታል?» ተብለው የተጠየቁ እናት «እንዴታ! እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። ደጃቸው ድረስ ለመጣ እንግዳ ሌላ ምን ይበሉ? ቡድኑ «የጠየቅናቸው ሁሉ ፈልገውታል» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል፤ ምድጃው ይሠራል፤ ከወራት በኋላ ጓሮ ተጥሎ ይገኛል። ጥፋቱ የእናትየዋ አይደለም፣ የጥያቄው ነው። በይሉኝታ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ በይሉኝታ ይመለሳል።

ዲዛይን ቲንኪንግ፣ ማለትም ከተጠቃሚው ሰው ኑሮ ተነስቶ መፍትሔ የመንደፍ ዘዴ፣ ብዙ ጊዜ በአምስት ደረጃ ይነገራል፦ ሰውን መረዳት፣ ችግሩን መበየን፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ናሙና መሥራት፣ መሞከር። ብዙ ቡድኖች ሐሳብ ማፍለቁ ላይ ይደሰቱና የመጀመሪያውን በግማሽ ቀን ይጨርሱታል። እኔ ግን ካለን ጊዜ ትልቁ ድርሻ ለእሱ ይሰጥ ባይ ነኝ። እዚያ የተሳሳተ ነገር እስከ መጨረሻው ይከተላል።

ስለሚሆነው ሳይሆን ስለሆነው ጠይቁ። «መጨረሻ የጋገሩት መቼ ነው? እስቲ ሊጡን ካቦኩበት ጀምረው ይንገሩኝ።» ከዚያ ትረካውን ሳትቆርጡ በመሃል ግቡ፦ ማገዶው ከየት መጣ? ማን አመጣው? ምጣዱ እስኪሰማ ምን አነደዱ? ስንተኛው እንጀራ ላይ እሳቱ ወረደ? ያኔ ምን አደረጉ? ጋግረው ሲጨርሱ ፍሙ ምን ሆነ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች። ፍሙ ቡና የሚፈላበት፣ ወጥ የሚሞቅበት ከሆነ ግን ፍም የማያስቀር ምድጃ ማገዶ ቢቆጥብም ለዚያ ቤት ጎደሎ ነው።

ከተቻለ ጥያቄው በጋገራ ቀን፣ ምጣዱ ዳር ይሁን። ሴትየዋ በአንድ እጃቸው ሊጥ እያዞሩ በሌላው ቅጠል ሲማግዱ ታያላችሁ፤ ይህን ቁጭ ብለው ሲያወሩ አይነግሯችሁም፣ ለእሳቸው ወግ አይደለምና። «አሁን እንጨቱን ወደ ግራ የገፉት ምን አይተው ነው?» በሉ። «ለምን?» እያሉ መደራረብ ግን ምርመራ ይመስላል፤ «ከዚያስ?»፣ «ምን ሆኖ ነው?» የበለጠ ያናግራል።

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው የተባለውን ቃል በቃል ይጻፍ። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። መልሱ አለቀ ስትሉ አምስት ስድስት ሰከንድ ዝም በሉ፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ይመጣል። ገንዘብ የሚከፍለውን፣ የምትጋግረውንና ማገዶ የሚለቅመውን ለየብቻ አናግሩ። አባወራው ስለ ማገዶ ዋጋ ሲናገር የምትጋግረው ስለ ጭስና ጠርዙ ስለማይበስል እንጀራ ትናገራለች፤ አብረው ከተቀመጡ የምትሰሙት የአንዱን ብቻ ነው። ተመሳሳይ ኑሮ ካላቸው ከስድስት እስከ ስምንት ቤቶች በኋላ ነገሩ መደጋገም ይጀምራል። ካልተደጋገመ ምናልባት የተለያዩ ሰዎችን ቀላቅላችኋል። «ቤቱ የራስዎ ነው ወይስ ኪራይ?» የምትለው ጥያቄ በጊዜ ካልተጠየቀች፣ ተከራይ ከመሬት ጋር የሚለሰን ምድጃ እንደማይገዛ የምታውቁት ከሽያጭ በኋላ ነው።

ችግሩን ስትበይኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ ማን፣ ምን ያስፈልገዋል፣ ምን ስላየን። «እናቶች ዘመናዊ ምድጃ ያስፈልጋቸዋል» ብያኔ አይደለም፤ መፍትሔው ውስጡ ገብቷል። «በቅጠልና በጭራሮ የምትጋግር እናት ሊጥ እያዞረች እሳቱን በአንድ እጅ መቆጣጠር መቻል አለባት፤ ቅጠሉ በየእንጀራው መሃል ሲያልቅ አይተናልና» የሚለው ይሻላል። ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ፦ ይህን በስንት ቤት አየነው? እናትየዋ ራሷ ብትሰማው «የኔ ችግር ነው» ትላለች?

ሐሳብ ለማፍለቅ የሚቀርበው «እንዴት ብናደርግ» ልኩን ይፈልጋል። «እንዴት ብናደርግ የወጥ ቤት ኑሮ ይሻሻላል?» በጣም ሰፊ ነው፣ «እንዴት ብናደርግ የማገዶ በሩ በ2 ሴንቲሜትር ይሰፋል?» ደግሞ መልሱን ይዞ መጥቷል። «እንዴት ብናደርግ የምጣዱ ጠርዝ ከመሃሉ እኩል ይሰማል?» ያሠራል። መጀመሪያ ሁሉም ለአምስት ደቂቃ በዝምታ ይጻፍ፣ አለቃው መጨረሻ ላይ ያንብብ። እሱ ቀድሞ ከተናገረ ሌላ ሐሳብ አይወጣም።

ናሙና ከመሥራታችሁ በፊት «ይህ ናሙና የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል?» በሉ። ቁመቱ ይመች እንደሆነ ለማወቅ የተደረደረ ጡብ ይበቃል፤ ሲሚንቶ ማባከን አያስፈልግም። የድስት ማስቀመጫ ይጠቅም እንደሆነም እንዲሁ። በአገራችን «ምርጥ» ተብሎ የሚታወቀው ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ይከልልና ከኋላ በሚወጣው ሙቀት ድስት ያስጥዳል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። «እየጋገሩ ሌላ ምን ያበስላሉ?» የሚለው ጥያቄ የሚያወጣው እንዲህ ያለውን ክፍል ነው። «ምን ብናይ ተሳስተናል እንላለን?» የሚለውንም ከሙከራው በፊት ጻፉት፤ በኋላ ሁሉም ውጤት ጥሩ ይመስላል።

ስትሞክሩ አታስረዱ። ምድጃውን አስረክባችሁ «እንደለመዱት ይጋግሩ፣ የሚያስቡትንም እየተናገሩ» በሉ። «ወደዱት?» አትበሉ፤ «ለጎረቤትዎ ቢነግሯት ምን ይሏታል?» በሉ። ማገዶ መቆጠቡን ለማወቅ ያው ጋጋሪ፣ ያው የሊጥ መጠን፣ ያው ደረቅ እንጨት ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ውሃውን ለማትነን ሙቀት ስለሚበላ ንጽጽሩን ያበላሻል። ከጋገራው በፊትና በኋላ እንጨቱን መዝኑ፣ የቀረውንም ፍም አስቡ፤ በእያንዳንዱ ምድጃ ቢያንስ ሦስት ጊዜ።

ከወር በኋላ ተመለሱና «ትናንት የተጋገረው በየትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱ ጉልቻ ትኩስ አመድ ካለው ቅር አትበሉ፤ ብዙ ቤት ሁለቱንም ይዞ ይቀጥላል። «ይኸኛው አሁንም ምን ምን ይሠራበታል?» በሉና መልሱን እንዳለ ጻፉት፤ የሚቀጥለው ናሙና የሚጀምረው ከዚያ ነው።