እንደ ርግብ አንገት የምትለዋወጥ የአበባ ማስቀመጫ

ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ደሴ የገባሁት ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን፣ ከመንገዱ የማስታውሰው ከጎኔ የተቀመጠው ሰው እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ስልኩን ጮክ አድርጎ ማጫወቱን ብቻ ነው። ማደሪያዬም ሙቅ ውሃ አለው ተብሎ 900 ብር ከፍዬ ከቧንቧው የወረደው የጦሳ ተራራ ውርጭ ስለ ነበር፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ፒያሳ ከአንድ ሱቅ መስኮት ያየኋት የአበባ ማስቀመጫ ግን ድካሜን አስረሳችኝ፤ ፊት ለፊት ሲያዩአት ሐምራዊ፣ ዘወር ሲሉ አረንጓዴ፣ ጎንበስ ሲሉ ወርቃማ ነበረች። ባለሱቁ 2,500 ጠርቶ በ1,800 ብር ሸጠልኝ፤ ከሁለት ሱቅ በኋላ አምሳያዋን በ1,200 ሳያት ምሳዬ አልበላ አለኝ።

አክስቴ ዕቃዬን አገላብጠው ካዩ በኋላ «አደራ ልጄ፣ በሽቦ እንዳትፈገፍጋት» ብለው ከብፌያቸው የራሳቸውን ጎድጓዳ ሳሕን አወጡ፤ ግማሹ ያብረቀርቃል፣ ግማሹ ግን ነጭ ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ቀለም በልባሱ፣ ማለትም ሸክላውን በሚሸፍነው ብርጭቆ መሰል ንጣፍ ገጽ ላይ ያረፈ እጅግ ስስ የብረታ ብረት ሽፋን ነውና ፍትጊያ አይወድም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ኢራቅ የነበሩ ሸክላ ሠሪዎች የብርና የመዳብ ውሁዶችን አስቀድሞ በተተኮሰ ዕቃ ላይ ቀብተው ወደ እቶኑ ይመልሱት ነበር፤ እቶኑ አየር ሲነፈገው ጭሱ ከቅቡ ኦክስጅንን ይነጥቅና ብሩና መዳቡ ብቻ ይቀራሉ። በሃንጋሪ፣ ፔች ከተማ የሚገኘው የዦልናይ ፋብሪካም በ1893 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረበውን ተለዋዋጭ ልባስ በግሪክኛው የንጋት ስም መነሻነት «ኢዮሲን» ብሎታል። የእኔይቱ በጎኗ የቅርጽ ማውጫ መገጣጠሚያ መስመር ስለሚታይባት ከእነዚያ ዘር ነኝ ብትለኝም አላምናትም።

ሰኞ ገበያ ላይ ከአንዲት እናት ጥቁር ጀበና በ250 ብር ገዛሁ፤ ልከራከር አፌ አልደፈረም። እንዴት እንዲህ እንደ ጠቆረ ብጠይቃቸው፣ ፍሙ ሳይበርድ ከእሳት አውጥተው ገለባ ውስጥ እንደሚቀብሩትና ጭሱ እንደሚገባበት አስረዱኝ። አየር መንፈግ ማለት ይኸው ነበር፤ እኔ በ1,800 ብር ያደነቅሁትን የእሳት ብልሃት እናቴ አዲስ አበባ ማድ ቤት ውስጥ ጠዋት ማታ ትጥደዋለች፤ ብፌ ላይ ያስቀመጠችው ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

ስመለስ ጀበናውን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ የአበባ ማስቀመጫይቱን በጋቢ ጠቅልዬ ፖርቶመጋላ ላይ አስጫንኳት።