ከ80 በኋላ የሚጨመረው ነዳጅ የሚከፈለው ለነፋስ ነው

ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ያለውን ፈጣን መንገድ በደምሳሳው 80 ኪሎ ሜትር እንበለው። በሰዓት በ120 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 40 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ በ90 የሚነዳው ደግሞ 53። ልዩነቱ 13 ደቂቃ ነው። እነዚያን 13 ደቂቃዎች ለማትረፍ 1.3 ወይም 1.5 ሞተር ያላት ትንሽ አውቶሞቢል ከአንድ ሊትር በላይ ተጨማሪ ቤንዚን ታቃጥላለች፤ ደርሶ መልስ ሲሆን ከሁለት ሊትር በላይ። ያንኑ ቤንዚን ለመቅዳት ማደያ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ሲታሰብ፣ ተረፈ የተባለው 13 ደቂቃ መትረፉም ያጠራጥራል።

ይሁን እንጂ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ» የሚለው ምክር እንዲሁ ሲወረወር ግማሹ ትክክል አይደለም። ከ80 በላይ ለሚነዳ እውነት ነው። በሁለተኛ ማርሽ በ30 ለሚንፏቀቅ ግን ምንም አይጠቅመውም፤ እንዲያውም በአምስተኛ ማርሽ በ70 ከሚሄደው የበለጠ ነዳጅ በየኪሎ ሜትሩ ይበላል።

ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። መኪና በደልዳላ መንገድ ላይ ፍጥነቷን ሳትለውጥ ስትሄድ ወደ ኋላ የሚይዟት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጎማውና ነፋሱ። ጎማው በዞረ ቁጥር መንገዱ ላይ እየተጨፈለቀ ጉልበት ይበላል፤ ይህ በፍጥነት ብዙም አይለዋወጥም። ሰው የጫነች ኮሮላ ላይ 14 ኪሎ የሚመዝን ነገር ወደ ኋላ እንደሚስባት ይቆጠር። የነፋሱን ለማወቅ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ፤ በአዲስ አበባና በአዳማ መካከል ባለው ከፍታ ለዚችው መኪና ፍጥነቱን ለ20 አካፍሎ፣ የተገኘውን በራሱ ማባዛት። በ40 ሲነዳ 4 ኪሎ። በ60፣ 9። በ80፣ 16። በ100፣ 25። በ120፣ 36።

የጎማው 14 ሲደመርበት በ80 ጠቅላላው 30 ኪሎ፣ በ100 39 ኪሎ፣ በ120 50 ኪሎ ይሆናል። ከ80 ወደ 120 ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚፈለገው ጉልበት ግን በሁለት ሦስተኛ አድጓል። ነዳጁ ልክ በዚያ መጠን አይጨምርም። ሞተር ጫና ሲያገኝ ከቤንዚኑ የሚያወጣው ጉልበት ይሻሻላልና ጭማሪው በሲሶና በግማሽ መካከል ይወድቃል። በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2013 እ.ኤ.አ. በ74 መኪኖች ላይ ያወጣው ጥናት ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ፍጥነቱ ከ80 ወደ 97 ኪ.ሜ. በሰዓት ሲያድግ መኪኖቹ በአንድ ጋሎን የሚሄዱት ርቀት በአማካይ 12 በመቶ ቀነሰ፣ ከ97 ወደ 113 ሲያድግ ሌላ 14 በመቶ፣ ከ113 ወደ 129 ሲያድግ ሌላ 15 በመቶ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ፍጥነት ከፊተኛው ይበልጥ ይወደዳል። አሜሪካ በጥር 1974 እ.ኤ.አ. በመላ አገሪቱ የፍጥነት ጣሪያውን 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ያደረገችውም ለደኅንነት ብላ አልነበረም፤ የዓረብ አገሮች ዘይት ስለያዙባት ነው።

ስለዚህ ለትንሽ አውቶሞቢል በፈጣን መንገድ ላይ ምርጡ ፍጥነት፣ በእኔ ግምት፣ 90 ነው። በ80 መሄድ ትንሽ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ከኋላ የሚመጣውን ማስተዋልና ቀኙን መስመር አለመልቀቅ ያስፈልጋል። በ60 መሄድ ግን ቁጠባ ሳይሆን አደጋ መጥራት ነው። ሃይሩፍ ሚኒባስና ላዩ ላይ ዕቃ የተቆለለበት ፒክአፕ ለነፋስ የሚሰጡት ፊት ሰፊ ስለሆነ ከ120 ወደ 90 ሲወርዱ ከአውቶሞቢል የበለጠ ይተርፋቸዋል። ባዶ ፖርቶ መጋላ እንኳ ነፋስ ይይዛል፤ ጭነት ከሌለ ብሎኑን ፈትቶ ቤት ማስቀመጥ ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሎጊያና ሰመራ፣ ሙቀቱ አየሩን ቢያሳሳውም፣ ከአዲስ አበባው በ15 በመቶና ከዚያ በላይ ይወፍራል። በዚያው ፍጥነት ወደ ጅቡቲ መስመር የወረደ መኪና የነፋሱን ክፍያ በዚያው ልክ ይጨምራል። በሌላ በኩል ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ እንጦጦ ዳገት ላይ ትንሿ መኪና የምትቃትተው በዚህ ነው። እዚያ ላይ በከፍተኛ ማርሽ ግድ ማለት ቁጠባ አይደለም። መኪናው ሲንቀጠቀጥና ሞተሩ ሲያንኳኳ ከተሰማ፣ ማርሽ ዝቅ አድርጎ የቤንዚን መርገጫውን ማቅለል ነው።

ከተማ ውስጥ ሂሳቡ ሌላ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ነፋስ ማንንም አያስቸግርም፤ ነዳጁን የሚበላው ፍሬን ነው። 1,250 ኪሎ የምትመዝን መኪናን ከቆመችበት ወደ 60 ለማድረስ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ቤንዚን ይሄዳል፤ ፍሬን ሲያዝ ያ ሁሉ በሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሃምሳ ጊዜ እንዲህ ቢደረግ አንድ ሊትር ነው። ከ40 ላይ መቆም ከዚህ በግማሽ ያንሳል። ትርፉ ያለው ቀይ መብራት ወይም የተኮለኮለ መኪና ከሩቅ ሲታይ እግርን ቶሎ ማንሳት ላይ ነው፤ እስኪደርሱ መብራቱ ቢለወጥ ሳይቆሙ ማለፍ ይቻላል። ከፊት ካለው መኪና ሦስት ሰከንድ ያህል ርቀት የጠበቀ ሹፌር፣ ፊተኛው ፍሬን በነካ ቁጥር አብሮ አይነካም። ክፍተቱን ታክሲ ይገባበታል ለሚለው፣ ይግባበት፤ አንድ መኪና ቢቀድም የሚጠፋው ጥቂት ሰከንድ ነው።

ሲነሱ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው መርገጥ እንደማይጠቅም ሁሉ፣ እንቁላል የረገጡ ያህል መፍራትም አይጠቅምም። መካከለኛ አረጋገጥ ይዞ ቶሎ ቶሎ ማርሽ መጨመር ነው፤ ማንዋል ከሆነ ሞተሩ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ሲደርስ። ሜዳ ላይ አምስተኛ ማርሽ ከ60 ወይም ከ70 ጀምሮ ይበቃዋል። አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት በርቶ እንዳይሆን ማየት ያስፈልጋል። ካምቢዮው ላይ ያለችው ቁልፍ ሳይታሰብ ተነክታ የመጨረሻው ማርሽ ተዘግቶባቸው የሚዞሩ ብዙ ቪትዝና ኮሮላዎች አሉ፤ በዚህ ሁኔታ ሞተሩ ሜዳ ላይ ያለ ምክንያት ይጮኻል፣ በ90 መሄድም ያለውን ትርፍ ያጣል። ቁልፏ የምትጠቅመው ረጅም ዳገት ላይ ካምቢዮው ማርሽ እያወጣ እያስገባ ሲቸገርና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንዲይዝ ሲፈለግ ነው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። በአገራችን ሹፌሮች ዘንድ በጣም የተለመደውና በጣም የተሳሳተው ቁጠባ ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ መውረድ ነው። ካርቡራተር በነበረበት ዘመን፣ በአሮጌ ላዳና ቮልስዋገን ላይ፣ ጥቂት ነዳጅ ይተርፍ ነበር። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከቤንዚን ላይ ሲነሳ፣ ዙሩ ከ1,200 ወይም ከ1,500 በላይ እስካለ ድረስ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጄክተሮች ጨርሶ ይዘጋል። የሚያዞረው መንገዱ ነው፤ ፍጆታው ዜሮ ነው። ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ይጠጣል። በዜሮ ማርሽ የወረደው ሰው ቆጠብኩ ሲል እየከፈለ ነው ማለት ነው።

ከጎሐ ፅዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ ላይ በዜሮ ማርሽ ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል፤ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ከዚህም ይብሳል፤ የፍሬን አጋዡ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከወጣም መሪው ይቆለፋል። ለዳገት የሚገባውን ማርሽ ለቁልቁለትም ማስገባት የሚለው የድሮ የሹፌር ትምህርት ዛሬ የነዳጅ ቁጠባም ሆኗል።

ዳገት ላይ ፍጥነትን በግድ መጠበቅ አያስፈልግም። እግሩን ባለበት ይዞ ከ90 ወደ 80 እንዲወርድ መተው፣ ቁልቁለቱ ላይ መልሶ እንዲያነሳ መፍቀድ ነው። ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቀው ክሩዝ ኮንትሮል ሜዳ ላይ ጥሩ ነው፤ ኮረብታማ መንገድ ላይ ግን ቁጥሯን ላለማጣት ሲል ዳገቱን ይረግጣል፣ ሊዘጋ ይገባል።

ጎማ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ ሳይሞቅ ይለካ። ትክክለኛው ቁጥር በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ለትንንሽ አውቶሞቢሎች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 33 ፒኤስአይ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር የጎማው ጣሪያ እንጂ የመኪናው ልክ አይደለም፤ አንዳንድ ጎሚስታ እሱን አይቶ ይሞላል፣ ፍሬን ላይ ያንሸራትታል። መስኮትን በተመለከተ ከተማ ውስጥ ከፍቶ መሄድ፣ ከ80 በላይ ዘግቶ በማራገቢያው መጠቀም ይበጃል። በአዲስ አበባ አየር ኤሲ ብዙም አያስፈልግም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ የዞሩ ሹፌሮችም ከዚህ ሂሳብ አይወጡም። እንዲያውም ለእነሱ ይከፋል። ኤሌክትሪክ ሞተር በዝቅተኛ ጫናም በከፍተኛም ሥራውን እኩል ስለሚሠራ፣ ቤንዚን ሞተር ላይ ጭማሪውን የሚያለዝበው ነገር እዚህ የለም፤ ከላይ ያለው የ30 እና የ50 ኪሎ ልዩነት በሙሉ ማለት ይቻላል ከባትሪው ይወጣል። አዳማ ደርሶ ለመመለስ ባትሪው የማይበቃ ከመሰለ መፍትሔው ኤሲ መዝጋት ሳይሆን ከ110 ወደ 85 መውረድ ነው።

ልዩነቱን በራስ መኪና ለማየት ፉል አስሞልቶ፣ ፓምፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆርጥ ማቆምና ኪሎ ሜትሩን መጻፍ። ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ተነድቶ በዚያው ማደያ፣ በዚያው ፓምፕ እንደገና ማስሞላት። 320 ኪሎ ሜትር ሄዶ 21 ሊትር ከወሰደ በሊትር 15.2 ሄዷል ማለት ነው። አንዱን ጉዞ በ110፣ ሌላውን በ90፣ በተመሳሳይ ጭነት። አዳማ ደርሶ እዚያው መለካት ግን ያታልላል፤ ቁልቁለቱ 500 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ስትመለስ መኪናዋን ወደ ላይ ለማውጣት ብቻ 0.7 ሊትር ያህል ይሄዳል። የሚለካው ደርሶ መልሱ ነው። የዳሽቦርዱ ፍጥነት መለኪያም ከእውነቱ ጥቂት ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ 100 ሲል በስልክ ጂፒኤስ 94 ወይም 95 መሆኑ የተለመደ ነው።

በ90 ተነድቶም ለውጥ ካልታየ ጥፋቱ ከእግር አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ነው። ሞተር ሞቀ ሲባል ብዙ ጋራዦች ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ሙቀቱን አይደርስም፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። የሙቀት መርፌው በፈጣን መንገድ ላይ ከመካከል በታች ከወረደ ምልክቱ ይኸው ነው። ቀጥሎ የያዘ ፍሬን አለ። ፍሬን ብዙ ሳይነካ ከተነዳ በኋላ እጅን ወደ ቸርኬዎቹ ማስጠጋት፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑን የሚጨብጠው ካሊፐር አልለቀቀም። የሞተር መብራት በርቶ ከሆነ ደግሞ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር በኮምፒውተር ይታይ። እሱ ሲበላሽ መኪናው ያለ ችግር ይሄዳል፣ ነዳጁ ብቻ ያልቃል።