ዘፈኖቼ በተራቸው መጫወት ጀመሩ

ሰሞኑን በጣም ደስ ብሎኛል። ከኮምፒውተር ወደ ትንሿ ማጫወቻዬ የገለበጥኩት አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው በተራው ተጫወተልኝ። ለብዙ ሰው ይሄ ምንም ላይመስል ይችላል። መድረክ ላይ የተቀረጸ ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ጭብጨባው ከአንዱ ዘፈን ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ተራው ሲፋለስ ዘፋኙ ሰላም ሳይል ይሰናበታል። እዚህ ለመድረስ ያወቅኩትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ኬብሉን ትሰካላችሁ፣ ማጫወቻው እንደ ፍላሽ ይከፈታል፣ ፎልደሩን ኮፒ አድርጋችሁ ፔስት ታደርጋላችሁ። ኮምፒውተሩ ማጫወቻውን ካላየው መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። ቻርጅ ብቻ አድርገው ዳታ የማያሳልፉ ኬብሎች ሞልተዋል። ማጫወቻችሁ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ፣ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፋት በሚባል የፋይል አቀማመጥ ተዘጋጅተው ነው የሚሸጡት። ብዙ የቆዩ ማጫወቻዎች ይሄን አያነቡም። ካርዱን ፋት 32 ወደሚባለው የቆየ አቀማመጥ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል። ፎርማት ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ስለሚያጠፋ፣ አስቀድማችሁ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ኮምፒውተሩ ላይ አምረው የተሰለፉ ዘፈኖች ማጫወቻው ላይ ሲደርሱ ይደበላለቃሉ። ስማቸውን ሳይ ልክ ነው። አጥፍቼ መልሼ ስገለብጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ተራ ይዘው ይመጣሉ። ይሄ ነገር ለረጅም ጊዜ አበሳጭቶኛል።

ለካ ማጫወቻ ሁሉ ዘፈን የሚያሰልፈው በአንድ መንገድ አይደለም። አንዳንዱ በፋይሉ ስም ይሄዳል። አንዳንዱ ታግ ላይ፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ስለ ዘፈኑ በሚጻፈው መረጃ ላይ፣ ያለውን የትራክ (የተራ) ቁጥር ያነባል። ሌላው ደግሞ ስምም ታግም አያይም፤ ፋይሎቹ ካርዱ ላይ በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ያጫውታል። ርካሽና ቀላል ማጫወቻዎች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው፤ የኔም እንደዛው።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ መለየት ቀላል ነው። ባዶ ፎልደር ፍጠሩና 01፣ 02፣ 03 የሚል ስም ያላቸው ሦስት ዘፈኖች አዘጋጁ። ታግ ላይ የትራክ ቁጥር 1ን ለ02 ስጡት። ከዚያ 03ን አስቀድማችሁ ገልብጡ፣ ሌሎቹን አስከትሉ። ማጫወቻው በ01 ከጀመረ በስም ነው የሚሄደው። በ02 ከጀመረ በታግ ነው። በ03 ከጀመረ እንደኔው ነው፤ ቀጥሎ ያለውን በደንብ አንብቡ።

በስም የሚሄድ ከሆነ መፍትሔው ከቁጥሩ ፊት ዜሮ መጨመር ነው። 1፣ 2፣ 10 ብላችሁ ከሰየማችሁ፣ ማጫወቻው የሚያየው ቁጥሩን ሳይሆን ምልክቱን አንድ በአንድ ስለሆነ 10ን ከ2 ያስቀድመዋል። ዊንዶውስ ግን ቁጥሩን እንደ ቁጥር ቆጥሮ ስለሚያሰልፍ ስሕተቱ ኮምፒውተሩ ላይ አይታይም። 01፣ 02 ብላችሁ ጻፉ፣ በቃ።

የኔ ዓይነቱ ግን በስም አይገራም። ፋት 32 ለእያንዳንዱ ፎልደር አንድ መዝገብ ይይዛል። አዲስ ፋይል ሲመጣ ስሙ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ማጫወቻው ያንን መዝገብ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው የሚያነበው። አንድ ዘፈን ስታጠፉ ደግሞ መስመሩ ከመዝገቡ አይወጣም፤ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ተደርጎበት ክፍት ቦታ ሆኖ ይቀራል። ቀጥላችሁ የምትገለብጡት ዘፈን ስሙ የሚበቃው ከሆነ እዚያ ክፍተት ውስጥ ሊገባ ይችላል። መጨረሻ ላይ ይሆናል ያላችሁት ዘፈን መሀል ላይ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። እኔም አጥፍቼ በገለበጥኩ ቁጥር ተራው የሚቀያየረው በዚህ ምክንያት እንደነበር ያን ጊዜ ፍንትው አለልኝ።

ስለዚህ አንድ ዘፈን ብቻ ለመቀየር ብላችሁ አትነካኩት። ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ አጥፉትና በአዲስ ፎልደር እንደገና ገልብጡ። ብዙ ፋይል መርጣችሁ ስትጎትቱ ማውዙን የመጀመሪያው ዘፈን ላይ አድርጋችሁ ጎትቱ፤ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ከያዛችሁት ፋይል ነው የሚጀምረው። ከሁሉም የወደድኩት ግን ፋትሶርት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ዘፈኖቹን እንደገና አይገለብጥም፤ መዝገቡን ብቻ በስም ያስተካክላል። ካርዱ ሙሉ ቢሆንም ሥራው ቶሎ ያልቃል። የሚሠራው ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት ነው፤ ከመጀመራችሁ በፊት ካርዱ ከሲስተሙ አንማውንት መደረግ፣ ማለትም ሳይነቀል ከሲስተሙ መላቀቅ አለበት። መጀመሪያ ያስፈራል፣ ከለመዳችሁት በኋላ ግን ያለሱ አልበም መጫን አያምራችሁም።

ሲንክ የሚያደርጉ፣ ማለትም የኮምፒውተሩንና የማጫወቻውን ዘፈኖች በራሳቸው የሚያመሳስሉ ሶፍትዌሮችን ግን አልወዳቸውም። ምን እንደጫኑ፣ ምን እንዳጠፉ፣ የት ፎልደር ውስጥ እንዳስቀመጡ በግልጽ አይናገሩም። ዘፈኔን በእጄ ጎትቼ ባስቀምጥ ይሻለኛል። «ቅልቅል አድርገህ አጫውተው፣ ምን ያስጨንቅሃል» የሚሉኝም አሉ። አልበም ያዘጋጀ ሰው የትኛው ዘፈን ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ አስቦበታል፤ ያንን ማክበር አለብን ብዬ አምናለሁ።

ስለ ታግ አጭር ነገር ልበል። ኤምፒ3ታግ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃችኋል። የዘፈኑን ስም በግዕዝ ፊደል ስትጽፉ ማጫወቻው ላይ ሁለት ዓይነት ችግር ይገጥማችኋል። ባዶ ሳጥን ካያችሁ ማጫወቻው የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው፤ ታግ ብትቀይሩ ለውጥ የለም። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው አይዲ3 ቪ1 የሚባለው የድሮው ታግ ነው። እሱ ለአንድ ርዕስ 30 ምልክት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ግዕዝም አያውቅም። አጥፉትና ከእሱ በኋላ በመጣው በአይዲ3 ቪ2.3 ጻፉ፤ የቆዩ ማጫወቻዎች ከቪ2.4 ይልቅ እሱን በደንብ ያነባሉ።

ጥራትን በተመለከተ፣ በሰከንድ 320 ኪሎቢት የተቀዳ ዘፈን በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይወስዳል። በ128 ደግሞ ወደ 1 ሜጋባይት ይጠጋል። በጆሮዬ 320ን ከ192 መለየት አልችልም፤ ቢሆንም አሁንም በ320 ነው የምጭነው፣ ልቤ የሚረጋው እንደዛ ነው። ቦታ የሚያጥራችሁ ከሆነ ግን እኔን አትከተሉ። በ128 ያለን ዘፈን ወደ 320 መቀየር ግን ፋይሉን ከማሳበጥ በቀር ምንም አይፈይድም። አንዴ የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም።

ስትጨርሱ ኬብሉን ከመንቀላችሁ በፊት ኢጀክት አድርጉ። ኮምፒውተሩ «ጨረስኩ» ካለ በኋላም ገና እየጻፈ ሊሆን ይችላል።

ያልፈታሁት የአልበም ሽፋን ሥዕል ነው። ፕሮግሬሲቭ የሚባለው የጄፔግ ዓይነት የሆኑ ሥዕሎችን ብዙ ማጫወቻዎች አያሳዩም፤ ቤዝላይን ወደሚባለው ተራ ጄፔግ ቀይሬ መጠኑን ስቀንስ የአንዳንዶቹ አልበሞች ታየ፣ የሌሎቹ ግን አሁንም ጥቁር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ልዩነታቸውን እየፈለግሁ ነው።