«ደምህ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ» ሲሉኝ

ወረቀቱ ላይ ነጭ የደም ሴል 12.4 ይላል። አጠገቡ «ኤች» የምትል ፊደል፣ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ክሊኒኩ «ደምህ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ» ብሎ ሲፕሮ የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት ጻፈልኝ፣ እኔም ሳልጠይቅ ዋጥኩ። የሆድ ቁርጠቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ቆይቶ ወረቀቱን ላብራቶሪ ለሚሠራ ጓደኛዬ አሳየሁት። 12.4 ማለት በአንድ ማይክሮሊትር ደም 12,400 ሴል ነው፤ ለአዋቂ ከ4,000 እስከ 11,000 አካባቢ ይጠበቃል። እሱ ግን እዚህ ቁጥር ላይ ብዙም አልቆየም። ጣቱን ወደ ታች አወረደና ዓይነቶቹ የተዘረዘሩበት ላይ አቆመ። ነጭ የደም ሴል አንድ ዓይነት አይደለም፣ አምስት ነው። ኒውትሮፊል ሲበዛ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ይጠረጠራል (ጭንቀትና አንዳንድ መድኃኒትም ይጨምሩታል)፣ ሊምፎሳይት ሲበዛ ቫይረስ። የእኔ ኒውትሮፊል ደህና ነው። ኢዮሲኖፊሉ ግን 18 በመቶ! 12,400ን በ18 በመቶ ስታባዛው 2,232 ይመጣል፣ ከ500 ማለፍ ያልነበረበት። ይሄ ሴል ብዙ ጊዜ የሚበዛው በአለርጂ፣ በአስም፣ ወይም በጥገኛ ትል ነው።

«ጣና ትገባለህ?» አለኝ።

አይ ጥያቄ! ባህር ዳር ተወልጄ፣ ቅዳሜና እሁድ ከአጎቴ ጋር መረብ እየጎተትኩ፣ እስከ ወገቤ ውኃ ውስጥ የምውል ሰው ነኝ። ቢልሃርዚያ የሚባለው የጥገኛ ትል በሽታ ደግሞ ውኃውን ባትጠጣም ይይዝሃል። ከቀንድ አውጣ የወጣው እጭ ቆዳህን በስቶ ይገባል፣ ብዙ ጊዜ አይታወቅህም።

የመጀመሪያው የሰገራ ምርመራ ንጹህ ነው አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይተወዋል። እንቁላሉ በአንድ ናሙና ላይ ላይታይ ስለሚችል ሐኪሙ ድገም አለኝ፣ በሁለተኛው ተገኘ። ከዚያ ሚዛን ላይ ቆምኩ፣ ምክንያቱም የቢልሃርዚያው መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል፣ የሚሰጠው በክብደት ነው። ያን ቀን ራሴን አዞረኝ፣ አፌም መረረ። ኢዮሲኖፊሉ ወዲያው አይወርድም፣ እንዲያውም ለትንሽ ጊዜ ሊጨምር ይችላል ብለው ቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም።

የነጭ የደም ሴል ቁጥሩ ዝቅ ያለባችሁም ብዙ ናችሁ። ከኛ ሰው መካከል ጤነኛ ሆኖ ኒውትሮፊሉ ከመጽሐፉ ልክ የሚያንስ ብዙ አለ፣ ተፈጥሮው ነው። ማነሱ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ግን ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። የሚያጠምቅ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ያበጠ ንፍፊት ካለም ወረቀት አንብቦ ራስን ማከም አይሆንም።

ለአጎቴ ስነግራቸው «ተው ልጄ፣ ጣና እኛን ያውቀናል» ብለው ሳቁብኝ። ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪ በር ላይ ወረፋ ይዘው አገኘኋቸው። ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ አልመለሱም።